የሥራና የቤተሰብ ሕይወት ሚዛን

የሥራና የቤተሰብ ሕይወት ሚዛን አንድ ሰው ለመተዳደሪያ ሥራው፣ ለቤተሰቡና ለራሱ ጤና የሚያውለውን ጊዜና ጉልበት አንዱ ሌላውን እንዳይጎዳ አድርጎ የሚይዝበት ሁኔታ ነው። ሚዛን ሲባል ሰዓትን እኩል መከፋፈል ማለት አይደለም፤ አራስ ያለችበት ቤት፣ ተማሪ ልጆች ያሉበት ቤትና አቅመ ደካማ ወላጅ የሚጦርበት ቤት የሚጠይቁት ጊዜ የተለያየ ነው። ጉዳዩ በሕዝብ ጤና፣ በሥነ ልቦና፣ በሶሲዮሎጂና በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ይጠናል።

ታሪክ

በእርሻና በእደ ጥበብ በሚተዳደር ቤተሰብ ዘንድ የሥራ ቦታና መኖሪያ ቤት ብዙም አይራራቁም። የኢንዱስትሪ አብዮት ግን ሥራን ከቤት አውጥቶ ወደ ፋብሪካ ወሰደው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ፋብሪካዎች በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት የተለመደ ነበር። እንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የፋብሪካ ባለቤት ሮበርት ኦወን ቀኑ ለሥራ፣ ለመዝናኛና ለእረፍት ስምንት ስምንት ሰዓት ሆኖ እንዲከፈል ከተሟገቱት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በተመሠረተበት ዓመት በ1919 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት በኢንዱስትሪ ውስጥ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚያው ዓመት የወጣው ሦስተኛው ስምምነት የወሊድ ጥበቃን የሚመለከት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ስምምነት ቁጥር 156 ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸው ወንዶችና ሴቶች በዚህ ምክንያት በሥራቸው አድልዎ እንዳይደርስባቸው ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች።

አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሽልድ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ደመወዝተኛ የሆኑ እናቶች ከመሥሪያ ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን የቤት ሥራ «ሁለተኛው ፈረቃ» ብለውታል። ስያሜው ከዚያ ወዲህ በጥናቶች ውስጥ በስፋት ይሠራበታል።

የግጭቱ ምንጮች

ጄፍሪ ግሪንሃውስና ኒኮላስ ቢውቴል በ1985 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጽሑፍ በሥራና በቤተሰብ መካከል የሚፈጠረውን ግጭት በሦስት ከፍለውታል።

• የጊዜ ግጭት፦ አንዱ ኃላፊነት የወሰደው ሰዓት ለሌላው አይተርፍም። የወላጆች ስብሰባ በሥራ ሰዓት ሲጠራ የሚፈጠረው ችግር ለዚህ ምሳሌ ነው።
• የጫና ግጭት፦ በአንዱ ቦታ የመጣ ድካምና ጭንቀት ወደ ሌላው ይሻገራል። ሌሊቱን ከታመመ ልጅ ጋር ያደረ ሰው በማግስቱ ሥራው ላይ ማተኮር ይቸገራል።
• የጠባይ ግጭት፦ በሥራ ቦታ የሚፈለገው ጠባይ ቤት ውስጥ አይሠራም። ትእዛዝ መስጠት የለመደ ኃላፊ ከልጆቹ ጋር በዚያው መንገድ መነጋገር አያዋጣውም።

ከእነዚህ በተጨማሪ ለዓይን የማይታይ ሥራ አለ። ዘይት መቼ እንደሚያልቅ፣ ልጅ መቼ እንደሚከተብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈልበት ቀን መቼ እንደሆነ ማሰብና ማስታወስ ራሱን የቻለ ድካም አለው። ሌሎቹ የቤተሰብ አባላት የታዘዙትን ቢያግዙም የማሰቡ ሸክም ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው፣ በአብዛኛው በእናት ላይ ይቀራል።

በጤና ላይ ያለው ተጽዕኖ

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት ጥናት መሠረት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመያዝ አደጋን በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ጥበት በሽታ የመሞት አደጋን ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ያደርጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሥራ ጫና መዛልን አካትቶታል። በምደባው መሠረት ይህ ሁኔታ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ሲሆን ሦስት መገለጫዎች አሉት፤ እነሱም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የውጤታማነት መቀነስ ናቸው።

ጤናን መጠበቅ

ለአዋቂዎች የሚመከረው መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። ዝቅተኛው መጠን በሳምንት ለአምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ በመራመድ ይሟላል። ይህ በአንድ ጊዜ መሠራት የለበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከአሥር ደቂቃ ያነሰ እንቅስቃሴም ይቆጠራል። ስለዚህ ልጅን በእግር ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድና ደረጃ መውጣት ጊዜ ለሌለው ወላጅ ጠቃሚ ናቸው። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ስለሚኖርባቸው ገመድ ዝላይ ወይም ኳስ ጨዋታ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

እንቅልፍ ሥራ ሲበዛ ቀድሞ የሚቀነስ ነገር ቢሆንም አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሣት፣ ስልክን ከመኝታ ማራቅ፣ ቡናን አመሻሽ ላይ መተው ይረዳል። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ሌሊቱን በተራ መነሣታቸው ሁለቱም ያልተቋረጠ እንቅልፍ የሚያገኙበትን ጊዜ ይፈጥራል።

በምግብ ረገድ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መመገብና የጨው መጠንን ከ5 ግራም በታች ማድረግ ይመከራል። በኢትዮጵያውያን ቤት የተለመዱት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ርካሽና ገንቢ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚወስደው ዝግጅቱ በመሆኑ ሽንኩርትን ለብዙ ቀን አቁላልቶ ማስቀመጥና እንጀራን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን መጋገር የቆዩ የጊዜ ማትረፊያ ዘዴዎች ናቸው።

ተነሳሽነት

የሥነ ልቦና ምሁራኑ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ባዳበሩት ንድፈ ሐሳብ መሠረት የሰው ተነሳሽነት የሚጸናው ሦስት ፍላጎቶች ሲሟሉ ነው፦ በራስ ፈቃድ መወሰን፣ የመቻል ስሜትና ከሌሎች ጋር መቀራረብ። ከጎረቤት ጋር የተቀጣጠረ የእግር ጉዞ ለብቻ ከታቀደው የበለጠ የሚዘልቀውም በከፊል ለዚህ ነው።

አዲስ ልማድ በ21 ቀን ይጸናል የሚለው የተለመደ አባባል በጥናት አልተደገፈም። ፊሊፓ ላሊና የሥራ ባልደረቦቿ በለንደን ባደረጉት ጥናት አንድ ተግባር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን የፈጀ ሲሆን ልዩነቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ነበር። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ብዙም እንዳልጎዳውም ታይቷል። ልጅ ታሞ ወይም እንግዳ መጥቶ ዕቅዱ ለሚሰናከልበት ወላጅ ይህ ግኝት ትርጉም አለው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ወስኗል። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ሲሆን አባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከክፍያ ጋር ያገኛል። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ስለሚመከር በፈቃዱና በምክሩ መካከል የሦስት ወር ያህል ክፍተት አለ። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የተከፈቱ የሕፃናት ማቆያዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት ያገለግላሉ።

ከሕጉ በፊት የነበረው መደጋገፍ ዛሬም ይሠራል። አራስን ማረስ፣ ገንፎና አጥሚት ይዞ መጠየቅ እናት እንድታገግም ጊዜ ይሰጣል፤ ደቦ የእርሻን፣ እድር የኀዘንን ሸክም ያቃልላል። በከተማ ግን ዘመድ ርቆ ስለሚኖር ብዙ ቤተሰብ በቤት ሠራተኛ ይተማመናል። የቤት ሠራተኞች ቅጥር ግን በአዋጁ መደበኛ ድንጋጌዎች ስለማይሸፈን የአንዱ ቤት ሚዛን በሌላዋ ሴት ረጅም የሥራ ቀን ላይ ሊቆም ይችላል። በገጠር ደግሞ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም የሴቶችንና የልጃገረዶችን ጊዜ ይወስዳሉ፤ ለእነሱ በአቅራቢያ የተሠራ የውኃ ቦኖ ከማንኛውም የጊዜ አጠቃቀም ምክር ይበልጣል።

በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በአሜሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚያረጋግጠው የቤተሰብ ፈቃድ እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ ያለ ክፍያ ፈቃድ ብቻ በመሆኑ ብዙ ቤተሰቦች አያቶችን ለማረስ ከአገር ቤት ያስመጣሉ። በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኛነት ያሉ እናቶች ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ሲያሳድጉ የራሳቸው ልጆች በአያት ወይም በአክስት እጅ ያድጋሉ።

ትችት

አንዳንድ ተመራማሪዎች «ሚዛን» የሚለው ቃል የሥራ ሰዓትን፣ የደመወዝንና የሕፃናት ማቆያ እጥረትን ጉዳይ ወደ ግለሰብ ብልሃት ያወርደዋል ሲሉ ይተቹታል። በእነሱ አመለካከት ማለዳ መነሣትና ዕቅድ ማውጣት ሁለት ሥራ ይዞ ለሚያድር ወላጅ መፍትሔ አይሆኑም።

የባለሙያ እርዳታ

ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ኀዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደስ ይል የነበረውን ነገር መጥላት ወይም የተስፋ መቁረጥ ስሜት ተራ ድካም ላይሆን ስለሚችል በጤና ተቋም መታየት ይኖርበታል። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ድባቴ በሕክምና የሚድን ሲሆን ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ እርዳታው ለነገ የሚባል አይደለም።