ስሙ ያልተጠራው ዲስክ

ኮምፒውተር የኤሌክትሪክ ኃይል በተቋረጠበት ቅጽበት ማን እንደ ሆነ ይረሳል። መብራት ተመልሶ ቁልፉን ስንጫነው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ራሱን መፈለግ ነው። የትናንቱ ሥራ፣ ሥርዓቱ፣ ፊደሉ ሁሉ ያለው ዲስኩ ላይ ነው፤ ዲስኩን ማንበብ የሚያውቀው ፕሮግራም ደግሞ እዚያው ዲስኩ ላይ ተቀምጧል። ይህን እንቆቅልሽ ፈረንጆቹ የሰየሙት በቀልድ ነው፦ ሰውየው የገዛ ቦት ጫማውን ማንጠልጠያ ይዞ ራሱን ወደ ላይ ይጎትታል። የኛም የጥገና ባለሙያዎች “ቡት አደረገ”፣ “ቡት አላደርግ አለ” የሚሉት ቃል ከዚሁ ጫማ የወጣ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ግጥሙን ለጊዜው አቆይቼ የዚህን ቀልድ ታሪክ ላወጋችሁ ፈለግሁ። ምክንያቱ ጉዳዩ እዚህ አርባ ምንጭ የብዙ ሰው ኪስ የሚነካ መሆኑ ነው። አሮጌ ኮምፒውተሩን ለማፍጠን ገንዘብ አጠራቅሞ አዲስ ኤስኤስዲ የሚገዛ ሰው በርክቷል። ዲስኩ ይገጠማል፤ ማሽኑ ይከፈታል፤ በማስነሻ ዝርዝሩ ላይ ግን የዲስኩ ስም የለም። ወዲያው “ሞቶ ነው የመጣው” ይባላል። ብዙው ዕቃ የሚመጣው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከአዲስ አበባ ስለሆነ፣ ጤነኛው ዲስክ እንደ ሬሳ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይመለሳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ፣ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ኃይል ሲጠፋ የማትረሳ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ አኖረ። ባዮስ የምንለው ይህ ነው። ያን ጊዜ የባዮስ ሥራ ቀላል ነበር፤ ፍሎፒ ገብቶ እንደ ሆነ ያያል፣ ካለ ያነብባል። በ1983 ግን 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ የያዘው ኤክስቲ የተባለው ሞዴል መጣ፤ ከእርሱም ጋር የዲስኩን መጀመሪያ የሚገዛ ሕግ ተደነገገ። በሕጉ መሠረት ማሽኑ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ብቻ ያነብባል። ከነዚህ 446ቱ ማስነሻ ፕሮግራም፣ 64ቱ የዲስኩ አራት ክፍሎች መዝገብ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ማኅተም ናቸው። ማኅተሙ ከሌለ ማሽኑ ዲስኩን እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ዛሬ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ 512 ባይት ከ170 ፊደል አይበልጥም። ለአንዲት አጭር ግጥም እንኳን የማይበቃ ቦታ ዓለምን ለሠላሳ ዓመት ያህል አስነሥቷል። ይህ ኤምቢአር የሚባለው ነው።

ጠባብ ሕግ ግን ጠባብ ነው። ኤምቢአር ከአራት ዋና ክፍሎች በላይ አይመዘግብም፤ በተለመደው የ512 ባይት አቆጣጠርም ከሁለት ቴራባይት በላይ ያለውን የዲስክ ስፋት መቁጠር አይችልም። ስለዚህ ኢንቴል በ1990ዎቹ አጋማሽ ለትልልቅ ማሽኖቹ ሌላ የአነሣሥ ሥርዓት መንደፍ ጀመረ። በ2005 ኩባንያዎች ተሰባስበው የጋራ መተዳደሪያ አደረጉትና ስሙ ዩኢኤፍአይ ሆነ። ከእርሱ ጋር የመጣው አዲሱ የዲስክ መዝገብ ጂፒቲ ይባላል።

እዚህ ላይ የጋሞ ሰው በቀላሉ የሚረዳው ነገር አለ። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ ደጋው ጨንቻ ነበር፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ ቆላው፣ ወደ ዛሬዋ አርባ ምንጭ ወረደ። እስቲ አንድ የአዋጁን ወሬ ያልሰማ ባለጉዳይ አስቡ። ዳገቱን ወጥቶ ጨንቻ ይደርሳል፤ ቤቱን ባዶ ቢያገኘው “መንግሥት የለም” ብሎ ይመለሳል። የጂፒቲ ነዳፊዎች ይህን ባለጉዳይ አስበውበታል። መዝገቡን ወደ አዲስ ቦታ ሲያዛውሩ በአሮጌው ቦታ፣ በመጀመሪያው 512 ባይት ላይ፣ “ይህ ዲስክ ባለቤት አለው” የሚል ምልክት ትተዋል። አሮጌ ፕሮግራም ባዶ መስሎት እንዳይጽፍበት ነው። የመዝገቡንም ግልባጭ በዲስኩ ጫፍ አስቀምጠዋል። ዕለት ዕለት ከሰነድ ጋር ለምንውል ሰዎች ይህ ጥንቃቄ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው፤ የዚህ ጽሑፍም ፍሬ ነገር እርሱ ነው። በአዲሱ ሥርዓት የማስነሻው ዝርዝር የዲስኮች ስም ዝርዝር አይደለም። የመነሻዎች ዝርዝር ነው። በማዘርቦርዱ ማስታወሻ ውስጥ “ከዚህ ዲስክ፣ ከዚህ ክፍል፣ ይህን ፋይል አንብበህ ተነሣ” የሚል መስመር ይጻፋል። መስመሩን የሚጽፈው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ በሚጫንበት ጊዜ ነው። አዲስ ኤስኤስዲ ምንም ያልተጫነበት ባዶ ሜዳ ስለሆነ የሚጠራበት መስመር የለውም። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ ስላልተመዘገበ ብቻ ስሙ እንዳልተጠራ ተማሪ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ዕጣ በፊደላችንም ደርሷል። ግእዝ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደሉ ስለጠፋ አልነበረም፤ ቦታ ስላልተሰጠው እንጂ።

ወደ ዲስካችን እንመለስ። ሲቀላ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አንድ ወጣት ዲስኩን ሊመልስ በካርቶን አሽጎ ሳለ ያልሁት ይህንኑ ነበር፦ ሁለት ገጾች አሉ፤ አታምታታቸው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደ ቅንብሩ ስንገባ አንዱ ገጽ የተገጠሙትን ዕቃዎች ያሳያል፤ ሌላው የማስነሻ ቅደም ተከተሉን። ዲስኩ በመጀመሪያው ገጽ ካለና በሁለተኛው ከሌለ ሞተ ለማለት ምንም ምክንያት የለም። የጎደለው መጫን ብቻ ነው። በፍላሽ አስነሥቶ ሲጭንበት ስሙ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ዊንዶውስ ውስጥም ከነሌሎቹ ድራይቮች ጎን ባለመታየቱ መደናገጥ አይገባም፤ ገና ክፍልም ፊደልም አልተሰጠውም። ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው ገጽ ግን ያልተመደበ ቦታ ተብሎ ይገኛል።

በሁለቱም ገጾች ከሌለ ጉዳዩ ወደ ቅርጽና ወደ ቋንቋ ይዞራል። በሽቦ የሚገናኘው ዓይነት ሁለት ገመድ ይፈልጋል፤ አንዱ የኃይል፣ አንዱ የመረጃ። ሁለቱም እስከ መጨረሻው መግባታቸው ይታይ። ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭኑ ካርድ ደግሞ ያሳስታል። መልኩ አንድ ሆኖ ቋንቋው ሁለት ነው፦ አንዱ አሮጌውን ሳታ ይናገራል፤ ሌላው በ2011 የወጣውን ኤንቪኤምኢ። አንዳንድ ማዘርቦርድ የሚሰማው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ካርዱ ሲገባ ከሳታ መሰኪያዎቹ አንዱን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው አዲሱ ሳይሆን አሮጌው ዲስክ ነው። ከኤንቪኤምኢ በፊት የተሠራ ማሽን ላይ በማስተላለፊያ ካርድ ቢገጠም ዊንዶውስ ያየዋል፣ ባዮሱ ግን አያየውም፤ ቋንቋው ሲፈጠር እርሱ ተሠርቶ አልቋልና። እንዲህ ያለው ማሽን አምራቹ ማሻሻያ ካላወጣለት በዚያ ዲስክ አይነሣም። የፋይል ማከማቻ ማድረግ፣ ወይም በምትኩ የሳታውን ዓይነት መግዛት ይሻላል። ዲስኩ የሚመለሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

የአነሣሥ ሥርዓት አለመጣጣምም አለ። አሮጌው ዲስክ በኤምቢአር የተከፈለ ሆኖ እንዳለ ወደ አዲሱ ሲገለበጥ፣ አዲሱም ኤምቢአር ይሆናል። በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚሠራ ማሽን አይጠራውም። በ2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጀምሮ ፋይል ሳይጠፋ ወደ ጂፒቲ የሚቀይር መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ ያም ቢሆን ግልባጭ ሳይያዝ አይነካም። ከጥቅምት 2025 ወዲህ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዩኢኤፍአይን ስለሚጠይቅ፣ ይህ ጥያቄ አሁን ከድሮው ይልቅ በብዛት ይነሣል። ቅንብሩን ከመለወጥ በፊት የነበረውን በወረቀት መጻፍ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሣት ነው።

እኛ ባንክ ቤት የምንውል ሰዎች ከሁሉ በፊት ቀን እናያለን። እዚህም ይሠራል። የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ሳንቲም መሰል ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ባትሪዋ ስታልቅ ቅንብሩም አብሮ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ ትናንት የተነሣ ዲስክ ዛሬ የማይነሣው አንዳንዴ በዚህ ነው። ዋጋዋ ከዲስኩ ጋር አይወዳደርም።

የወጣቱ ዲስክ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር። ካርቶኑ ተከፈተ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ከሁሉ የሚያሰጋው ነው። አሮጌው ዲስኩ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሞላበት ነው፤ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ትምህርት ቤት ለከተማው ኮፒ ቤቶች ያመጣው ሲሳይ ይኸው ነው። መጫኛው ሁለቱን ዲስኮች ዜሮና አንድ ብሎ በቁጥር ያቀርባቸዋል። በችኮላ የተሳሳተውን ቁጥር መርጦ “አጥፋ” ያለ ሰው የብዙ ልጆችን ዓመት በአንድ ንክኪ ያጠፋል። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ብቻውን መተው ከዚህ ያድናል።

መንቀሉ ሌላም ጥቅም አለው። አሮጌው ተሰክቶ ሳለ ዊንዶውስ በአዲሱ ላይ ሲጫን፣ ማስነሻውን ፋይል ብዙ ጊዜ የሚያኖረው አሮጌው ዲስክ ላይ ቀድሞ ባገኘው የማስነሻ ክፍል ውስጥ ነው። ሁሉም ነገር ለወራት ያማረ ይመስላል። አንድ ቀን አሮጌው ሲነቀል አዲሱ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ በውስጡ እያለ መነሻው በሰው ቤት ነበርና። ወጣቱ አሮጌውን ነቅሎ፣ በአዲሱ ላይ ጭኖ፣ ማሽኑ በራሱ ሁለት ጊዜ ሲነሣ ካየ በኋላ ነው አሮጌውን መልሶ የሰካው።