የስትሮክ ሕክምና ክፍል አጀማመር

የስትሮክ ሕክምና ታሪክ ሲነገር በቅድሚያ የሚወሳው እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ጥናት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ ከኖርዌይ ከተማ ከትሮንድሃይም የወጣው ውጤት፣ በእኛ አስተያየት፣ ያላነሰ ክብር ይገባው ነበር።

ዶክተር ቤንት ኢንድሬዳቪክና ባልደረቦቻቸው 220 ሕሙማንን በዕጣ ከፍለው 110ሩን ለስትሮክ ብቻ በተዘጋጀ ክፍል፣ 110ሩን በተለመደው የውስጥ ደዌ ክፍል አስተኙ። በ6 ሳምንት ውስጥ በመጀመሪያው ክፍል 7.3 ከመቶ፣ በሁለተኛው 17.3 ከመቶ ሞቱ። ወደ ቤታቸው የተመለሱት ደግሞ እንደ ቅደም ተከተላቸው 56.4 እና 32.7 ከመቶ ነበሩ።

ይህን ልዩነት ያስገኘ አዲስ መድኃኒት አልነበረም። የተለወጠው አሠራሩ ነው፦ ምርመራውና ክትትሉ በወጥ መመሪያ ይመራል፤ ሕመምተኛው ሳይውል ሳያድር ከአልጋው ተደግፎ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ነርሶች፣ ፊዚዮቴራፒስቶችና ሐኪሞች በአንድ ቡድን ይሠራሉ። የሚያሟሟው መድኃኒት በማይገኝበት ሆስፒታል ለሚያገለግል ባለሙያ ከዚህ የቀረበ ታሪክ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ክትትል፣ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከስትሮክ ክፍሉ 24.5 ከመቶ፣ ከሌላው 12.7 ከመቶ ነበሩ።