ላሊበላ፦ ዐለቱ የጸና፣ ኑሮው የተናጋባት የተራራ ከተማ

በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች መካከል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ላሊበላ ቀድሞ ሮሃ ትባል ነበር። ስሟን ያገኘችው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው የዛጉዌ ንጉሥ ነው። በትውፊቱ መሠረት ሕፃኑን ገና ሲወለድ ንብ ከበበው፤ ስሙም ንብ ንግሥናውን ዐወቀ ለማለት የወጣ ነው።

የከተማዋ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተገነቡ ሳይሆኑ ከላይ ወደ ታች ከዐለት የተፈለፈሉ ናቸው። በ1520ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጎበኛቸው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለሠጋ የጻፈው እውነት መሆኑን በፈጣሪ ስም ምሏል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የኢማም አሕመድ ጦር ደረሰ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ያንን ዘመን ተሻገሩ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ያዙ። በኅዳር 2014 የመንግሥት ጦር አስለቀቃት፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ዳግም ተያዘች፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ተለቀቀች። ሕንፃዎቹ ከከባድ ጉዳት ተረፉ። ነዋሪው ግን እንደ ዐለቱ አልሆነለትም። መብራት ለወራት ጠፋ፤ ከመብራቱም ጋር ወፍጮ ቆመ፣ ውኃ ተቸገረ።

የላሊበላ ኑሮ በእንግዳ ላይ የቆመ ነው። ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ዶሮና እንቁላል ይዞ የሚመጣው የዙሪያው ገበሬ ሳይቀር የሚጠብቀው ጎብኚንና የገናን ተሳላሚ ነው። ኮሮና አስቀድሞ ጎብኚውን አርቆት ነበር፤ ጦርነቱ ደግሞ መንገዱን ዘጋ። የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ማሳውን ሲያወድምበት ያየ የሀደሮ ገበሬ፣ በአንድ ምርት ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ እንዴት እንደሚወድቅ ነጋሪ አያሻውም።

ሰላሙም አልዘለቀም። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በከተማዋ ውጊያ ተካሄደ። በዚህ ጊዜ የካህናቱ ሥጋት የከባድ መሣሪያ ንዝረት ነበር። ዐለቱ በዝናብና በዕድሜ ቀድሞም ተሰነጣጥቋል፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ከዝናብ እንዲጠበቁ ከላያቸው መጠለያ የተሠራላቸውም ለዚሁ ነው። መጠለያው ዝናብን ይመልሳል እንጂ ንዝረትን አያስቆምም።