ምሩቅ መካሪ

አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ ለትምህርት ቤቷ ቡድን የምትሮጥ ልጅ እናቷ ዘንድ ደውላ «አልሙናይ ሜንተር መደቡልኝ» ብትል፣ እናት «ሌላ አሠልጣኝ ጨመሩልሽ?» ብላ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። ነገሩን በአማርኛ የምትይዝበት ስም አልሰጠናትም። እኔ «ምሩቅ መካሪ» እንበለው እላለሁ።

ምሩቅ መካሪ ማለት በዚያው ኮሌጅ እየተማረ ለቡድኑ የተወዳደረ፣ ተመርቆ ሥራ የያዘ፣ አሁን ደግሞ ከኋላው ለመጣ ተማሪ ስፖርተኛ ጊዜውን ሰጥቶ የሚመክር ሰው ነው። አያሠለጥንም፤ ውጤት አይሰጥም፤ ማን ይሰለፍ ማን ይቀመጥ በሚለው ላይ ድምፅ የለውም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ቃል «አማካሪ» ነበር። ግን አማካሪ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያርም መምህር ነው፤ በመሥሪያ ቤት ደግሞ ተከፍሎት ጥናት የሚያቀርብ ባለሙያ። መካሪ ሌላ ነው። ሽማግሌዎች «መካሪ አያሳጣህ» ሲሉ የሚያስቡት ስለ ባለሙያ ሳይሆን ላንተ ስለሚያዝን ሰው ነው።

«ምሩቅ» ደግሞ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ዕድል ይሰጠናል። አልሙናይ የሚለው የላቲን ቃል ሥሩ መመገብ፣ ማሳደግ ነው። የእኛው «መረቀ» ግን ባረከም ነው፤ ምሩቅ ዲግሪ የተቀበለ ብቻ ሳይሆን የተባረከም ነው። ገበያም ውስጥ ቃሉ አለ። ነጋዴዋ ቡናውን ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ከላይ ጣል የምታደርጋት እፍኝ ምርቃት ትባላለች። የዚህ ሰው ሥራም ይኸው ነው፤ ኮሌጁ ሰፍሮ ከሰጠው በላይ የምትጨመር እፍኝ።

«ተማሪ አትሌት» ያላልኩትም በምክንያት ነው። አትሌት ስንል ጆሯችን የሚሰማው ሯጭ ነው። አሜሪካኖች ግን ዋናተኛውንም፣ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹንም፣ ጎልፍ መቺውንም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ «ተማሪ ስፖርተኛ» ይሻላል።

አሁን ወደ ጭንቁ እንምጣ። ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ የሚባለው፣ በሥሩ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪ ስፖርተኞች አሉ። ወደ ፕሮፌሽናል ስፖርት የሚያልፉት ግን፣ ማኅበሩ ራሱ እንደሚናገረው፣ ከመቶ 2 አይሞሉም። በከፍተኛው ዲቪዚዮን ደንቡ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ልምምድ አይፈቅድም ይላል፤ ነገር ግን የጉዞ ሰዓት አይቆጠርም፣ የጉዳት ሕክምናም አይቆጠርም፣ የውድድር ቀን ቢረዝም ቢያጥር እንደ 3 ሰዓት ይያዛል። የዚያች ሯጭ ልጅ ጓደኞች ክረምቱን መሥሪያ ቤት ገብተው ሥራ ሲለማመዱ እሷ መም ላይ ናት። አራት ዓመት አለፈ፤ የመጨረሻው ውድድር አለቀ፤ በማግስቱ ጠዋት የሚጠብቃት ሰው የለም። እስከዚያች ቀን ድረስ «ማን ነሽ?» ስትባል «ሯጭ ነኝ» ነበር መልሷ።

አንዲት የወዳጆቼን ልጅ አውቃለሁ። ለሥራ ማመልከቻ ያዘጋጀችው ሲቪ ላይ ስለ ስፖርቱ አንድ መስመር ብቻ ጽፋ ነበር፦ «አራት ዓመት በአገር አቋራጭና በ10 ሺህ ሜትር ተወዳድሬያለሁ።» መካሪዋ በዚያው መም ላይ ቀድማት የሮጠች፣ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ በአስተዳደር የምትሠራ ሴት ናት። በስልክ ሲነጋገሩ አጠገቧ ነበርኩ።

«በተጎዳሽበት ወቅት ምን ትሠሪ ነበር?» አለቻት።

«ምንም። ሰዓት እይዝላቸው ነበር። አዲስ የገቡትን ልጆች ፕሮግራማቸውን አወጣላቸው ነበር።»

«ለስንት ልጆች?»

«ለስድስት።»

«ታዲያ ይሄ የታለ?»

ልጅቷ ወረቀቷን ዝም ብላ አየችው። ይህን ጥያቄ አሠልጣኟ ሊጠይቃት አይችልም ነበር፤ እሱ የሚያስታውሰው ያልሮጠችበት ወቅት መሆኑን ነው። እናትና አባቷም የጠዋት ልምምዷን እንጂ ያንን ሥራዋን አላዩም። የጠየቀቻት እግሯን ታስራ ሰዓት ይዛ የቆመች ሌላ ሯጭ ናት።

ምሩቅ ሁሉ ግን መካሪ አይደለም። ዳላስ በሚገኘው ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ሀብታም ደጋፊዎች ለተጫዋቾች በስውር ገንዘብ ሲከፍሉ ተደርሶባቸው፣ ማኅበሩ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑን የ1987ን (በፈረንጆች) የውድድር ዓመት ሙሉውን ከለከለው፤ በ1988ም ቡድኑ ሜዳ አልገባም። ኪሱን የከፈተ ምሩቅ ሌላ ስም አለው፤ «ቡስተር» ይሉታል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ስሕተት ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተቀይሯል። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተማሪው በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። ከሐምሌ 2025 ወዲህ ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው መክፈል ጀምረዋል፤ ለአንድ ኮሌጅ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የ18 ዓመት ልጅ ውል ይፈርማል ማለት ነው። አሠልጣኙ እንዲቆይ ይፈልጋል፣ ወኪሉ ከመቶ ድርሻውን ይቆርጣል፣ ቤተሰብም ተስፋ ያደርጋል። ከዚያ ገንዘብ ድርሻ የሌለው ሰው አጠገቡ ማስፈለጉ ከበፊቱ በልጧል ብዬ አምናለሁ። «መካሪ» በሚለው ቃል የምሟገተውም ለዚህ ነው።

ቃሌ አንድ ቦታ ላይ እንደሚጠብ አልሸሽግም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን ትቶ ወደ ፕሮፌሽናል ስፖርት የሄደ ሰው አልተመረቀም፤ ስለዚህ ምሩቅ ልንለው አንችልም። ሆኖም ተመልሶ ከልጆቹ ጋር የሚቀመጥ አለ፤ ዲግሪውን ሳይዝ መውጣቱ ምን እንዳስከፈለው እሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ለእንዲህ ያለው «ቀዳሚ መካሪ» ብንል ይበቃል።