ባለቤት የሌለው ስንኝ፦ የስሜን ግርጌ አዝማሪና የፌስቲቫል መድረክ

ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ፣ በሰርግ ዳስም ሆነ በጠጅ ቤት፣ ማሲንቆ ሲነሳ ዘፈኑ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያንቆረቁረዋል። ስንኙ ሹም ቢነካ ማን ይጠየቃል? ሰጪው አፉን አውጥቶ አልዘፈነም፤ ዘፋኙ አልገጠመም፤ ሁለቱም ሰሙን እንጂ ወርቁን አላልንም ማለት ይችላሉ። ይህ የደራሲነት መበታተን ብዙ ጊዜ እንደ ጨዋታ ማድመቂያ ይታያል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መጠለያ ነው እላለሁ።

ተቃራኒውን፣ ማለትም ባለቤቱ በግልጽ የታወቀ ስንኝን፣ ለማየት በሌላው ዓለም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ያቋቋሟቸውን የሙዚቃ ኩባንያዎችና የኪነ ጥበብ ፌስቲቫሎች መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሴቶች ኦሊቪያ ሬኮርድስ የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ መሠረቱ፤ በ1975 የክሪስ ዊሊያምሰን «ዘ ቼንጀር ኤንድ ዘ ቼንጅድ» ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ ወጥቶ በሰፊው ተሸጠ፤ ከ1976 እስከ 2015 የቆየው የሚሺጋን የሴቶች የሙዚቃ ፌስቲቫልም ለእንዲህ ያሉ ድምፃውያን በጫካ ውስጥ መድረክ ሆነ። ሊቨርፑል ውስጥ ሆሞቶፒያ የተባለው ፌስቲቫል በ2004 ተጀመረ። በእነዚህ መድረኮች በአብዛኛው ግጥሙም ዜማውም የዘፋኟ ነው፤ «እኔ» ስትል ራሷን ማለቷ ነው። ሚሺጋን ትራንስ ሴቶችን አላስገባም በማለቱ እስኪዘጋ ድረስ ሲያወዛግብ መኖሩም መዘንጋት የለበትም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ዋሽንግተን የተወለደችውና ራሷን በግልጽ ኩዊር ብላ የምትጠራው ድምፃዊት ከለላ ሚዛነ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ የመጀመሪያ ሥራዋ እስከ 2023ቱ «ሬቨን» የሄደችው በዚህ በባለቤትነት መንገድ ነው።

ደባርቅ ላይ እንዲህ ያለ መድረክ ሊቆም አይችልም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊትን ያስቀጣል። በ2011 ዓ.ም. አንድ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ጎብኚዎችን ወደ ላሊበላ ሊያመጣ ማቀዱ ሲሰማ የሃይማኖት ማኅበራት አጥብቀው ተቃወሙ። ጉብኝቱ ይህን ካስነሳ ፌስቲቫሉ ምን ሊያስነሳ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የመድረክ በር ሲዘጋ ከተገለሉ ሰዎች እጅ የሚቀረው የተሰወረ ንግግር ነው። ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይወርድ የነበረው የነጋዴ መንገድ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን ያቋርጥ ነበር፤ ነጋዴዎችም አዝማሪዎችም የየራሳቸው ስውር ቋንቋ ነበራቸው። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን ስውር ቋንቋ በ1949፣ የአዝማሪዎችን ደግሞ በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ጥናቶች መዝግቧል። አዝማሪው የሚፈለግ ግን የሚናቅ፣ በሰርግ የማይታጣ ግን ጨዋ ልጁን የማይድርለት ሰው ስለነበር፣ ከጋባዡ ፊት ቆሞ ከባልደረባው ጋር የሚመክርበት ቋንቋ አስፈልጎታል። እንግሊዝም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ፖላሪ የተባለው ስውር ቋንቋ ከገበያ ትርኢት ተጫዋቾች፣ ከመርከበኞችና ከቴአትር ሰዎች አፍ ወጥቶ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች መግባቢያ ሆነ፤ ግንኙነታቸውን የሚከለክለው ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1967 ከመላላቱ በፊትም በቢቢሲ ሬዲዮ ቀልድ ተሰምቷል። ንጽጽሬ በተገፋ ሰው ስልት ላይ እንጂ በፍቅር ላይ አይደለም፤ አዝማሪነት የጾታ ዝንባሌ ጉዳይ አይደለምና።

መጠለያው ግን ጣራው ስስ ነው። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር ተይዘው እንዲገደሉ ሲያዝ፣ ስንኙን ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ ብሎ አልጠየቀም። ዛሬ ደግሞ ጣራውን የሚያሳሳ ሌላ ነገር መጥቷል። በጠጅ ቤት ከፍ ብሎ የሚታየው ስልክ ሰጪውንም ተቀባዩንም በመልካቸው፣ በድምፃቸውና በሰዓቱ ይመዘግባል። አንድ ሌሊት ጠጥቶ የሚበተነው ታዳሚ ያመጣው ማምለጫ፣ ማለትም «እኔ አላልኩም» የሚለው፣ ከቪዲዮ ጋር አብሮ አይኖርም። ያልተነገረ ፍቅር ያለው እንግዳ ስንኙን በአዝማሪ አፍ ሊያሰማ የሚችለው ስልኮቹ ኪስ ውስጥ ባሉበት ሰዓት ብቻ ነው።