ሐራጅ፦ ከመዲናው ዋንጫ እስከ ስልካችን ጨረታ



ባንክ በመያዣ የያዘው ቤት ሲሸጥ ጋዜጣ ላይ «የሐራጅ ማስታወቂያ» እናነባለን። ቤት ለመከራየት ስንፈልግ ደግሞ ደላላ ጋ እንደውላለን። ሁለቱም ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ድሮም አንድ ገበያ ውስጥ አብረው የኖሩ ናቸው። ደላል ማለት ዕቃውን በእጁ ይዞ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ እስካሁን የተሰጠውን ዋጋ የሚጮህ ሰው ነበር። ጩኸቱም «ሐራጅ!» ነው። እ.ኤ.አ በ1836 ስለ ግብፃውያን አኗኗር ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን በካይሮ ገበያዎች በሳምንት በታወቁ ቀናት ይህ ሽያጭ ሲካሄድ አይቶ ጽፎታል። ሳዑዲ የኖሩ እህት ወንድሞቻችንም «ሐራጅ» ሲባሉ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ነው የሚታያቸው፤ ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠራ የኢንተርኔት ገበያም እዚያው አገር አለ።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ጫማ በኢንተርኔት ጨረታ በርካሽ አገኘሁ የሚል ወጣት አለ፤ ተበላሁ የሚልም አለ። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ ወደ ኋላ ሄደን ማየት ይጠቅመናል።

ጨረታ ከእስልምና በፊትም ነበር። ሮማውያን የጦር ምርኮ፣ የባለ ዕዳ ንብረት በጨረታ ይሸጡ ነበር። እንዲያውም እ.ኤ.አ በ193 የንጉሡ ዘበኞች ንጉሡን ፔርቲናክስን ገድለው ዙፋኑን ራሱን ለጨረታ አወጡት። ሁለት ሰዎች ተፎካከሩ። አንዱ ለእያንዳንዱ ወታደር 20,000 ሴስተርስ ድረስ ደረሰ፤ ዲዲየስ ዩልያኖስ የሚባለው ባለጸጋ ግን በአንድ ጊዜ 25,000 ብሎ ወሰደው። የነገሠው 66 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ተገደለ። ጨረታ ያሸነፈ ሁሉ አትርፏል ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ታሪክ አናውቅም። ሰው እልህ ውስጥ ሲገባ የሚገዛውን ዕቃ ረስቶ ተፎካካሪውን ብቻ ያያል።

አሁን ወደ መዲና እንምጣ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ በዘገቡት ሐዲሥ እንደተነገረው፣ አንድ የአንሷር ሰው ችግር ገጥሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሊለምን መጣ። እርሳቸውም ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለው ጠየቁት። ያለው ከፊሉን የሚለብሱት ከፊሉን የሚያነጥፉት አንድ ጨርቅና አንድ የውሃ መጠጫ ዋንጫ ብቻ ነበር። እንዲያመጣው አዘዙትና ሁለቱን በእጃቸው ይዘው ማን ይገዛል ሲሉ ጠየቁ። አንዱ በ1 ዲርሃም አለ። የሚጨምር እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ጠየቁ፤ ሌላው በ2 ዲርሃም ወሰደው። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጥመውለት እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ፣ ለ15 ቀንም እንዳያዩት ነገሩት። ሰውዬው 10 ዲርሃም ይዞ ተመለሰ። በሰነዱ ላይ የተናገሩ ዑለሞች አሉ፤ ቲርሚዚይ ግን «ሐሰን» ብለውታል። ቡኻሪይም በሶሒሓቸው ውስጥ ለጨረታ ሽያጭ የራሱ ምዕራፍ ከፍተውለታል።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። የዕቃው ባለቤት የተቸገረ ሰው ነበር። ዕቃው ሁሉም ፊት ይታያል፤ ዋጋው በግልጽ ይጠየቃል፤ የጨመረው ሰውም የምሩን ገዢ ነው። ፊቅህ ስለ ጨረታ ያስቀመጣቸው ድንበሮች እነዚህን የሚጠብቁ ናቸው።

ትልቁ ድንበር «ነጅሽ» ነው። መግዛት የማይፈልግ ሰው ሌላውን ለማታለል ዋጋ ሲጨምር ነጅሽ ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደከለከሉት ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪይና ሙስሊም ዘግበውታል። ቃሉ መነሻው አደን ነው፤ አውሬውን ከተደበቀበት ቀስቅሶ ወደ አዳኙ ማባረር ማለት ነው። (የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ስም በዐረብኛ በእነዚሁ ሦስት ፊደላት ስለሚጻፍ የሚያምታታው አለ። የእርሳቸው መጠሪያ ግን የኛው «ነጋሢ» ነው፤ በትርጉም አይገናኙም።)

ገዢዎች ተመሳጥረው ዋጋ እንዳይወጣ ሲያደርጉስ? ኢብኑ ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት ኪታብ የሰዎችን ዕቃ ለማራከስ የሚስማሙ ገዢዎች መከልከል እንዳለባቸው ገልጸዋል። ስለዚህ ከጓደኞቻችን ጋር «አንተ አትጨምር፣ እኔም በሌላው አልጨምርብህም» ተባብለን ያገኘነው ርካሽ ዕቃ የሻጩ ሐቅ አለበት። ሻጩ ደግሞ እንደዚያ አንሷሪ ያለችውን የመጨረሻ ዕቃ ያወጣ ሊሆን ይችላል።

የኢንተርኔቱ ጨረታ ታሪክ አጭር ነው። ፓሪስ ውስጥ ከኢራናውያን ወላጆች የተወለደው ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ በመስከረም 1995 አሜሪካ ውስጥ በኋላ ኢቤይ የተባለውን ድረ ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ የተሸጠው የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነው፤ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ኦሚድያር ተገርሞ ዕቃው ብልሽት እንዳለበት ያውቅ እንደሆነ ገዢውን ቢጠይቀው፣ የተበላሹ ሌዘሮችን እንደሚሰበስብ መለሰለት። ነውሩ ተነግሮ፣ ገዢው አውቆ ገዛ። እንዲህ ያለ ሽያጭ ላይ ማን ቅሬታ ያነሳል?

አሠራሩን ግን ልብ እንበል። ገዢው የመጨረሻ ጣሪያውን ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ሌላው በጨመረ ቁጥር ኮምፒውተሩ በትንሽ በትንሹ ይጨምርለታል። ጣሪያችን 5,000 ሆኖ ተፎካካሪያችን 3,000 ላይ ቢያቆም፣ ከ3,000 ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ እንወስደዋለን። ነጅሽ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። የሻጩ ጓደኛ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ጣሪያችንን ይነካካና ሊደርስ ሲል ያቆማል። እኛም «አሸነፍኩ» ብለን 4,900 እንከፍላለን። ልምድ ያላቸው ገዢዎች ዋጋቸውን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ ናጂሹ የሚነካካበት ጊዜ እንዳያገኝ።

እ.ኤ.አ በግንቦት 2000 በዚያው ኢቤይ ላይ አንድ ሥዕል ከ25 ሳንቲም ተነስቶ 135,805 ዶላር ደረሰ። ሻጩ ስለ ሥዕሉ ምንም እንደማያውቅ መስሎ ነበር ያቀረበው። ፎቶው ላይ ግን የታዋቂውን አሜሪካዊ ሠዓሊ የሪቻርድ ዲበንኮርንን የስም ፊደላት የሚመስል ምልክት ይታይ ነበር። ተጫራቾቹ «ሻጩ ያላወቀውን እኔ አወቅኩ» ብለው ተሻሙ። ሲጣራ ሻጩ ራሱ በሌላ ስም ዋጋ ጨምሮ ተገኘ። ሽያጩ ፈረሰ፤ ሻጩና ግብረ አበሮቹ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ምልክቱንም ራሱ እንደጻፈው በኋላ አመነ። ያታለላቸው የገዛ ጉጉታቸው ነው።

እኛስ ስንገዛ ምን እናድርግ? ዕቃው ሱቅ ውስጥ አዲሱ ስንት፣ ያገለገለው ስንት እንደሚያወጣ አስቀድመን እንጠይቅ። ማጓጓዣውንና ቀረጡን ደምረን ጣሪያችንን ወረቀት ላይ እንጻፍ፤ ጨረታው ከተጋጋለ በኋላ የሚወሰን ጣሪያ ከዩልያኖስ 25,000 አይሻልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥብ እንዳገኙት እናስታውስ። ፎቶ የክምሩን ላይ ብቻ ነው የሚያሳየን። ስለዚህ የባትሪውን ሁኔታ፣ የጀርባውን ፎቶ፣ ተጠግኖ እንደሆነ ጠይቀን መልሱን በጽሑፍ እንያዝ። አገራችን ውስጥ «ባለበት ሁኔታ» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ደግሞ ሄደን ካላየን እጃችንን ብንሰበስብ ይሻላል። ምንም ታሪክ የሌለው አዲስ አካውንት የአንድን ሻጭ ዕቃ ብቻ እየተከተለ ዋጋ ሲጨምር ካየን ትተን እንውጣ፤ ነገ ሌላ ዕቃ ይወጣል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ጓደኛችን ቴሌግራም ላይ ዕቃ ለጨረታ አውጥቶ «እስቲ ከሥር አንተም ትንሽ ጨምርልኝ፣ እንዲሞቅ» ቢለን ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ውለታ እናየዋለን። ሶሓባው ኢብኑ አቢ አውፋ (ረ.ዐ) ናጂሽን አራጣ በላተኛና ከዳተኛ ብለውታል። ለጓደኛችን ዕቃውን በቻናላችን እናጋራለት፣ የሚፈልግ ሰው እናገናኘው። መግዛት የማንፈልገው ዕቃ ሥር ግን ዋጋ አንጻፍ።