የምዝገባ ምላሽ

ፍቺ፦ ፕሮግራም አንድ መረጃ ወደ ዳታቤዝ ልኮ ሴቭ ሲያደርግ የዳታቤዝ ላይብረሪው መልሶ የሚሰጠው ነገር። ፕሮግራመሮች «ሪተርን» ይሉታል። በአማርኛ «የምዝገባ ምላሽ» እንበለው።

ምላሹ ለምን እንደሚያስፈልግ የመተማ ሰሊጥ ነጋዴ ያውቃል። ምርቱን ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ሲያስገባ ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፤ ከዚያ የመረከቢያ ሰነድ ይቀበላል። ሰነዱ ላይ ያለው ደረጃና ክብደት መጋዘኑ የወሰነው እንጂ ነጋዴው ይዞት የመጣ አይደለም። በዚህ ሰነድ መነሻነት የሚወጣው የመጋዘን ደረሰኝ የባለቤትነት ማስረጃ ነው፤ ሕጋዊ መሠረቱም አዋጅ ቁጥር 372/1996 ነው። ዳታቤዝም እንዲሁ ፕሮግራሙ የማያውቀውን ይጨምራል፦ መለያ ቁጥር፣ የተመዘገበበት ሰዓት፣ ባዶ የተተወ ቦታ መሙያ።

የምላሹ ዓይነት እንደ ላይብረሪው (ለምሳሌ ሬይልስ፣ ጃንጎ) ወይም እንደ ዳታቤዙ (ለምሳሌ ሞንጎዲቢ፣ ፖስትግሬስኪውኤል፣ ኤስኪውላይት) ይለያያል።

እውነት ወይም ሐሰት፦ የሬይልስ ሴቭ ትእዛዝ መረጃው መስፈርቱን ካላሟላ «ሐሰት» ብሎ ይመልሳል። ይህን ያላነበበ ፕሮግራም ያልተመዘገበውን እንደተመዘገበ ቆጥሮ ያልፋል።

መለያ ቁጥር፦ ሞንጎዲቢ አንድ ሰነድ ሲገባለት መቀበሉንና የሰነዱን መለያ ያሳውቃል።

ሙሉ መዝገብ፦ ፖስትግሬስኪውኤል እ.ኤ.አ. ከ2006፣ ኤስኪውላይት ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የተመዘገበውን ረድፍ በዚያው ትእዛዝ መመለስ ይችላሉ።

ምንም፦ የጃንጎ ሴቭ ምንም አይመልስም። መለያ ቁጥሩን ሴቭ በተደረገው ዕቃ (ኦብጀክት) ላይ ይጽፋል፤ ካልተሳካ ስህተት ያነሣል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ምላሹ ትራንዛክሽኑ (በአንድነት የሚጸድቅ ወይም የሚሻር የትእዛዞች ስብስብ) ከመጽደቁ በፊት ሊመጣ ይችላል። ቁጥር ተሰጥቶም ቢሆን ትራንዛክሽኑ ከተሻረ መዝገቡ አይኖርም። ስለዚህ ለደንበኛ የሚታተም ወረቀት ከማጽደቁ በኋላ ይሁን።

ሁለተኛው ለቆላው አገር ይበልጥ ይከብዳል፦ የምላሽ መጥፋት። ዳታቤዙ መዝግቦ ሳለ መልሱ ሳይደርስ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል። ፕሮግራሙ «አልተመዘገበም» ብሎ ደግሞ ከላከ አንድ ጭነት ሰሊጥ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። መተማ ባለችበት በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበርና፣ በክልሉ የሚሠራ ፕሮግራም መቋረጥን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባል። መፍትሔው ፕሮግራሙ ከመላኩ በፊት የማይደገም መለያ ራሱ ፈጥሮ ከመረጃው ጋር መላኩ፣ ዳታቤዙም ያንን መለያ ሁለቴ እንዳይቀበል መታዘዙ ነው። ያኔ ምላሽ ያልደረሰው ፕሮግራም ያንኑ መረጃ ያለ ስጋት መልሶ ይልካል፤ የነጋዴውም ኩንታል በትክክል ይቆጠራል።

አጠቃቀም፦ «የምዝገባ ምላሹ ሳይነበብ ደረሰኝ አይታተም።» «የምዝገባ ምላሹ ስላልደረሰ በዚያው መለያ ድጋሚ ተላከ።»